ፎስፎረስን ከፍሳሽ በባክቴሪያ ማውጣት፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጣቢያ ይሆናል?

አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ፎስፎረሱን እንዲቀንስ ሲታዘዝ አማካሪው ይበዛል። አንዱ ኬሚካል ጨምሩበት ይላል። ሌላው ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይጨርሱታል ይላል። ሦስተኛው ማዳበሪያ አምርታችሁ ትሸጣላችሁ ብሎ ይመጣል። ሦስቱም የያዙት እውነት አለ። ግን የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም፤ ግራ የሚያጋባውም ይኼ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ናይትሮጅን በባክቴሪያ ሥራ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ሄደ ማለት ሄደ ነው። ፎስፎረስ ግን በጣቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ መውጫ የለውም። ከውሃው ካወጣችሁት ዝቃጩ ውስጥ ገብቷል። ከዝቃጩ ካመለጠ ውሃው ውስጥ ተመልሷል። ስለዚህ ዘዴ ስትመርጡ በእርግጥ የምትመርጡት ፎስፎረሱ በምን መልክና በየት በር ከግቢው እንደሚወጣ ነው። ይህን ሳያዩ የተገዛ ዕቃ በኋላ ብዙ ያስከፍላል።

## ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ ሐይቅ 226 የሚባለውን ውሃ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። ፎስፎረስ የጨመሩት ግን በአንዱ ወገን ብቻ ነበር። ያ ወገን በአልጌ ተሸፍኖ አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ከጣቢያችን የሚወጣው ውሃ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ግድብ የሚገባ ከሆነ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

በሌላ በኩል ይኸው ንጥረ ነገር ለእርሻ ምትክ የለውም። ማዳበሪያው የሚመጣው ከፎስፌት አለት ነው። ከሚታወቀው ክምችት ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በሞሮኮና በምዕራብ ሳህራ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአለቱ ዋጋ በአንድ ዓመት አካባቢ ውስጥ ብዙ እጥፍ ዘለለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2014 የፎስፌት አለትን እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው ጥሬ ዕቃዎች ዝርዝር አስገባው። እኛ ደግሞ በየቀኑ በቧንቧ እንለቀዋለን። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ለዚህም ነው መልሶ ማግኘትን እንደ ተጨማሪ ጌጥ የማላየው።

## መስፈርቶቹ ይቅደሙ

የመውጫ ገደባችሁ ስንት ነው? የቤት ፍሳሽ ወደ ጣቢያ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ4 እስከ 12 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ ይይዛል። ገደቡ 2 ነው? 1 ነው? 0.5 ነው? የአውሮፓ ኅብረት በ1991 ባወጣው መመሪያ፣ ተጋላጭ ወደሆነ ውሃ ለሚለቁ መካከለኛ ከተሞች 2፣ ከ100,000 ሰው በላይ ለሚያገለግሉ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ብሎ ነበር። ከ2 ወደ 1 መውረድ የአሠራር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከ0.5 በታች መውረድ ግን ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል።

ፍሳሹ ለባክቴሪያው ምግብ አለው? ፎስፎረስ የሚያከማቹት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት ተናኝ ቅባታማ አሲዶችን ነው። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ከነዚህ አንዱ ነው። እንደ መነሻ፣ የሚገባው ቢኦዲ (ባክቴሪያ ፍሳሹን ሲበላ በሚጨርሰው ኦክስጅን የሚለካ የምግብ መጠን) ከፎስፎረሱ ቢያንስ 20 እጥፍ ይሁን። ከአሲዱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሚሊ ግራም ፎስፎረስ ከ7 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይፈለጋል። ፍሳሹ በዝናብ ውሃ የቀጠነ ከሆነ ወይም የመጀመሪያው ማዝቀጫ ምግቡን ቀድሞ የሚያወጣው ከሆነ ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ዝቃጩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ባዮጋዝ ማብላያ? ወደ እርሻ? ወደ ማቃጠያ? ወደ ቆሻሻ መድፊያ? ከሁሉም መስፈርት ብዙ ሰው የሚዘለው ይኼንን ነው፤ እኔ ግን ከገደቡ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ።

ማን ያንቀሳቅሰዋል? በየቀኑ ናሙና ወስዶ ፎስፌትና ናይትሬት (ፎስፎረስና ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተጣምረው ውሃ ውስጥ የሚገኙባቸው መልኮች) የሚለካ ሰው አለ? ከሌለ አንዳንዶቹን አማራጮች ከወዲሁ ሰርዟቸው።

ቦታና ነባር ገንዳ አለ? ያለውን ገንዳ በግድግዳ ከፍሎ መጠቀም ከአዲስ ግንባታ ጋር አይወዳደርም።

ገንዘብ ለብቻው መስፈርት አላደረግኩትም። የመገንቢያና የማስኬጃ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ዘዴ ሲገነባ ርካሽ ሆኖ ለሃያ ዓመት ኪስ ያራቁታል፤ ሌላው ተቃራኒው ነው። ስለዚህ በየአማራጩ ለያይተን እናያለን።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የምሳሌ ጣቢያ እንያዝ። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይቀበላል። ፎስፎረሱ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን 80 ኪሎ ማለት ነው። ገደቡ 1 ስለሆነ በቀን 70 ኪሎ መውጣት አለበት። ጣቢያው በቀን 1,500 ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ ያስወግዳል። የተራ ባክቴሪያ ክብደት 2 በመቶ ያህሉ ፎስፎረስ ነው፤ ስለዚህ ምንም ሳናደርግ 30 ኪሎው በዝቃጩ ይወጣል። የጎደለን 40 ኪሎ ነው።

## ኬሚካል፦ ማወዳደሪያው መነሻ

ጽሑፉ ስለ ባክቴሪያ ነው። ግን ኬሚካሉን ሳይዙ ማወዳደር አይቻልም። ፌሪክ ክሎራይድ ወይም አሉም ይጨመራል፣ ፎስፌቱ ከብረቱ ወይም ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። በቃ። ገደብን በአስተማማኝ ሁኔታ ለመድረስ የዚህን ያህል ቀላል ነገር የለም። ማጣሪያ ከተጨመረበት እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ይወርዳል።

ሂሳቡን እንሥራው። ለ1 ኪሎ ፎስፎረስ በወረቀት ላይ 1.8 ኪሎ ብረት ይበቃል። በተግባር ግን አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። አንድ ተኩል ብንል 2.7 ኪሎ ነው። ለጎደለን 40 ኪሎ ፎስፎረስ 108 ኪሎ ብረት በቀን ማለት ነው። ፌሪክ ክሎራይድ የሚገዛው 40 በመቶ ጥንካሬ ባለው ፈሳሽ ከሆነ በየቀኑ ወደ 780 ኪሎ ይሆናል። በዓመት 280 ቶን አካባቢ። ለዚህ ማጓጓዣ፣ ዝገት የሚቋቋም ታንከርና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በላዩ ላይ የኬሚካል ዝቃጭ ይጨመራል፤ ይህንንም ማድረቅና መጫን አለ።

ትልቁ ጉዳይ ግን በሩ ነው። ከብረት ጋር የታሰረ ፎስፎረስ በኋላ ስትሩቫይት (ለማዳበሪያ የሚሆን የፎስፌት ማዕድን) ሆኖ አይወጣም። ዝቃጩ ማብላያ ውስጥ ከቆየ ብረቱ ቪቪያናይት የሚባል ማዕድን ይሠራል፤ ይህ ማዕድን በማግኔት ስለሚሳብ ከዝቃጩ ለይቶ የማውጣት ሙከራ ተደርጓል። ተስፋ አለው። ሆኖም ዛሬ ከመደርደሪያ አንስታችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም።

## ዋናው የባክቴሪያ መንገድ

አሁን ወደ ልቡ ደረስን።

የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ፎስፎረስ አከማቺ ይባላሉ። በጣም የተጠናው አኩሙሊባክተር ነው፤ ቴትራስፌራ የሚባለውም በብዙ ጣቢያዎች በብዛት ይገኛል። የአኩሙሊባክተር ዓይነቶቹ አኗኗር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኦክስጅንም ናይትሬትም በሌለበት ገንዳ ውስጥ ከፍሳሹ ጋር ይገናኛሉ። አብዛኛው ሌላ ባክቴሪያ አየር ስለሌለው ቅባታማ አሲዱን እያየ ዝም ይላል። እነሱ ግን በሰውነታቸው ያከማቹትን ፖሊፎስፌት (የፎስፌት ሰንሰለት) ሰብረው ጉልበት ያገኛሉ፣ አሲዱን ይሰበስቡና እንደ ስብ ያስቀምጡታል። በዚህ ጊዜ ፎስፌት ወደ ውሃው ይለቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይደነግጣል፤ ሊቀንስ የመጣው ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲጨምር ያያልና። ግን ይህ የጤና ምልክት ነው።

ከዚያ ወደ አየር ገንዳ ይሻገራሉ። ያስቀመጡትን ስብ በኦክስጅን ያቃጥላሉ፣ ባገኙት ጉልበትም ፎስፌቱን መልሰው ይወስዳሉ። የሚወስዱት ከለቀቁት ይበልጣል። ትርፍ ዝቃጭ የሚወገደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልክ ሆዳቸው ሲሞላ። የዝቃጩ የፎስፎረስ ድርሻ ከ2 በመቶ ወደ 5፣ አንዳንዴም 7 ይደርሳል። በምሳሌያችን 5 በመቶ ቢሆን 1,500 ኪሎ ዝቃጭ 75 ኪሎ ፎስፎረስ ይዞ ይወጣል። የሚያስፈልገን 70 ነበር። ያለ አንድ ጠብታ ኬሚካል።

ይህን አሠራር ወደ ጣቢያ ዲዛይን በማምጣት ስሙ የሚነሳው ደቡብ አፍሪካዊው መሐንዲስ ጄምስ ባርናርድ ነው፤ ሥራው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባርደንፎ የሚለው የአሠራር ስም ከስሙ፣ ከናይትሬት ማስወገድና ከፎስፎረስ ተቆራርጦ የተሠራ ነው።

### የሚበላሸው በምንድን ነው?

ሻጭ የማይነግራችሁ ክፍል ይኼ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ናይትሬት። ከመጨረሻው ማዝቀጫ የሚመለሰው ዝቃጭ ናይትሬት ይዞ አየር አልባው ገንዳ ከገባ፣ ተራ ባክቴሪያዎች በናይትሬቱ ተንፍሰው ምግቡን ይበሉታል። ፎስፎረስ አከማቺዎቹ ያለ ምግብ ይቀራሉ። የገንዳ አሰላለፎች የሚለያዩት በዋናነት ይህን ችግር በሚፈቱበት መንገድ ነው። ባለ ሦስት ገንዳው አሠራር (አየር አልባ፣ ናይትሬት የሚበላበትና አየር ያለው ገንዳ) ቀላል ነው፤ ተመላሹን ዝቃጭ ግን በቀጥታ ወደ አየር አልባው ይልካል፣ ስለዚህ ይጋለጣል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ አሠራር ተመላሹን መጀመሪያ ናይትሬቱ ወደሚበላበት ገንዳ ይልከዋል፣ ከዚያ ናይትሬቱ ያለቀለትን ወደ አየር አልባው ይመልሳል። አንድ ተጨማሪ የፓምፕ መስመር ያስፈልገዋል። የጆሃንስበርግ አሠራር ለተመላሹ ትንሽ ገንዳ መንገድ ላይ ይሠራለታል። ባለ አምስት ደረጃው ባርደንፎ ናይትሮጅንንም በጥብቅ ማውረድ ለሚፈልግ ነው፤ ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። ምክሬ አጭር ነው፦ ፍሳሻችሁ ቀጭን ከሆነ ባለ ሦስቱን ተዉት፣ ከኬፕታውን ወይም ከጆሃንስበርግ አንዱን ያዙ።

ሁለተኛ፣ ተፎካካሪዎች። ግላይኮጅን አከማቺ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አየር አልባው ገንዳ ውስጥ ያንኑ አሲድ ይበላሉ፣ ፎስፎረስ ግን አይወስዱም። ፍሳሹ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ሲወርድ ይበረታሉ። ይህ ማለት በሙቅ አገር አይሠራም ማለት አይደለም፤ ሲንጋፖር ውስጥ በ30 ዲግሪ አካባቢ የሚሠሩ ጣቢያዎች ተጠንተዋል። ግን መቆጣጠሩ ጠንከር ይላል።

ሦስተኛ፣ ከውሃው ጋር የሚያመልጥ ዝቃጭ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ዝቃጫችሁ 5 በመቶ ፎስፎረስ ከሆነና የወጣው ውሃ በሊትር 20 ሚሊ ግራም የዝቃጭ ብናኝ ይዞ ከወጣ፣ በዚያ ብናኝ ብቻ 1 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ ወጥቷል። ገደቡ አለቀ! የሟሟው ፎስፌት ዜሮ ቢሆንም እንኳ ገደቡ ላይ ደርሳችኋል። ማዝቀጫችሁ ደካማ ከሆነ ባክቴሪያው ላይ ከመፍረድ በፊት ማዝቀጫውን አስተካክሉ።

አራተኛ፣ የተመለሰ ፎስፎረስ። የጠገበው ዝቃጭ አየር በሌለበት ቦታ ከቆየ የያዘውን ይለቃል። ማብላያ ውስጥ ደግሞ በሰፊው ይለቃል። ከዚያ ዝቃጩ ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ፎስፎረስ ይዞ ወደ ጣቢያው ራስ ይመለሳል። በፊት በር ያስወጣችሁት በኋላ በር ገባ ማለት ነው። መንገድ ላይም ስትሩቫይት ሆኖ ቧንቧና ፓምፕ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ባክቴሪያውን መርጣችሁ ማብላያ ካላችሁ፣ የመልሶ ማግኘት ጥያቄ የቅንጦት ሳይሆን የጥገና ጥያቄ ይሆናል።

በደንብ የተያዘ ጣቢያ በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ያወጣል። ከዚያ በታች ከተፈለገ ማጣሪያና ትንሽ ኬሚካል ይታከላል። መጠባበቂያ የኬሚካል መስመር ግን ለሁሉም እመክራለሁ። በክረምት ጎርፍ ባክቴሪያው የሚታመምበት ሳምንት ይመጣል፤ ያን ሳምንት የሚያሻግር ነገር ያስፈልጋል።

## የጎን ገንዳ

ፍሳሹ ምግብ ከሌለውስ? ከውጭ አሴቴት መግዛት ይቻላል፣ ግን ውድ ነው። የተሻለው ምግቡን ከዝቃጩ ማዘጋጀት ነው። ከተመላሹ ዝቃጭ ጥቂቱን ወደ ጎን ገንዳ ትወስዱታላችሁ፣ ያለ አየር አንድ ወይም ሁለት ቀን ታቆዩታላችሁ። ዝቃጩ ይብላላና አሲዱን ራሱ ያመርታል። ዋናው ፍሳሽ ከቀን ቀን ቢለዋወጥም ገንዳው ብዙ አይነካም። ዴንማርክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል።

ይህን አማራጭ እወደዋለሁ። ቀጭን ፍሳሽና ያልተጠቀሙበት ባዶ ገንዳ ላለው ጣቢያ ከዚህ የሚሻል የለም። ማደባለቂያና ፓምፕ ነው የሚያስፈልገው። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ብዙ ከቆየ ሽታ ያመጣል፣ ፎስፎረሱም ያለ ጥቅም ይለቀቃል።

## እንክብል ዝቃጭ

እዚህ ባክቴሪያዎቹ እንደ ተራ ዝቃጭ የተበታተኑ አይደሉም። ተጠቅጥቀው ትንንሽ እንክብል ይሠራሉ። የእንክብሉ ውጭ አየር አለው፣ ውስጡ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ሥራ በአንድ ገንዳ ይከናወናል። ፍሳሹ ከታች በኩል ያለ አየር ይገባል፣ ከዚያ አየር ይነፋል፣ ከዚያ እንክብሉ በደቂቃዎች ይዘቅጣል። ለብቻው የሚቆም ማዝቀጫ አያስፈልግም። ምርምሩ በዋናነት የተመራው በኔዘርላንድስ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከሥራው ጋር ስሙ የሚያያዘው ማርክ ቫን ሎስድሬክት በ2018 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማትን ከብሩስ ሪትማን ጋር ተካፍሏል።

ቦታ በጣም ይቆጥባል፣ ኤሌክትሪክም እንዲሁ። ግን በዳሳሽና በኮምፒውተር ቁጥጥር የሚሠራ ነው። ዘር የሚሆን እንክብል ካልመጣለት እስኪጀምር ወራት ይወስዳል። አቅራቢዎቹም ጥቂት ስለሆኑ የመለዋወጫና የሶፍትዌር ውሉን በደንብ አንብቡ። አዲስ ጣቢያ በጠባብ መሬት የሚሠራ ሰው ይየው። ነባር ጣቢያ ያለው ሰው አይቸኩል።

ሐምራዊ ባክቴሪያና አልጌም ይነሳሉ። ሁለቱም ብርሃን ይፈልጋሉ፣ ብርሃን ደግሞ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይፈልጋል። ለምርምር ጥሩ ናቸው። ለግዢ ዝርዝራችሁ ግን ገና ናቸው።

## መልሶ ማግኘት፦ ሦስት በሮች

ዝቃጩን ወደ እርሻ። ርካሹና ጥንታዊው በር ነው። ከባክቴሪያ የመጣ ዝቃጭ ፎስፎረሱን ለተክል በሚቀርብ መልክ ስለሚይዝ ከኬሚካል ዝቃጭ ይሻላል። ግን ዝቃጩ ከፋብሪካ የመጣ ከባድ ብረት፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የመድኃኒት ቅሪት ሊይዝ ይችላል። ስዊዘርላንድ በዚህ ስጋት ዝቃጭ እርሻ ላይ እንዳይውል ከልክላለች። የቤት ፍሳሽ ብቻ የሚቀበል ትንሽ ጣቢያ በአግባቡ አብላልቶና አስመርምሮ ከተጠቀመበት ለእኔ አሁንም የመጀመሪያው ምርጫ ነው።

ስትሩቫይት። ማግኒዚየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት እኩል ተጣምረው የሚሠሩት ነጭ ማዕድን ነው። ከዝቃጩ የተጨመቀው ውሃ ላይ ማግኒዚየም ይጨመራል፣ ፒኤች ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ይላል፣ ጠጠሩ ይወርዳል። ቧንቧ ውስጥ ጠላት የነበረው በገንዳ ውስጥ ምርት ይሆናል። ከክብደቱ 12.6 በመቶው ፎስፎረስ ነው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው፤ ካድሚየሙም አብዛኛውን ጊዜ ከአለቱ ማዳበሪያ ያነሰ ነው። ቺካጎ አካባቢ ያለው የስቲክኒ ጣቢያ በ2016 በትልቅ ደረጃ ማምረት ጀምሯል።

ነገር ግን ቁጥሩን በሐቅ እንየው። ከተጨመቀው ውሃ 80 ወይም 90 በመቶው ይገኛል ሲባል እውነት ነው፤ ወደ ጣቢያው ከገባው ፎስፎረስ ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው። ከማብላያው በፊት ዝቃጩ ፎስፎረሱን እንዲለቅ ቢደረግ ወደ 40 ሊጠጋ ይችላል። በምሳሌያችን 20 በመቶ ብንይዝ በቀን 16 ኪሎ ፎስፎረስ፣ ማለትም ወደ 127 ኪሎ ስትሩቫይት ነው። በዚህ ሽያጭ ብቻ መሣሪያው ዋጋውን ይመልሳል ብላችሁ እቅድ አታውጡ። የሚመልሰው ከተቆጠበው የቧንቧ ጥገና፣ ወደ ጣቢያው ራስ ከሚመለሰው ጭነት መቀነስ ጋር ተደምሮ ነው። የተጨመቀው ውሃ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ፎስፌት ከያዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

አመድ። ዝቃጩ ለብቻው ይቃጠላል፣ ፎስፎረሱም አመዱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በአሲድ ይወጣል። በዚህ በር ከገባው ፎስፎረስ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ማግኘት ይቻላል። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ደንብ ከ2029 ጀምሮ ትልልቅ ጣቢያዎች ፎስፎረስን መልሰው እንዲያገኙ ታስገድዳለች። ማቃጠያው ግን እጅግ ውድ ነው፤ የብዙ ከተሞችን ዝቃጭ በአንድ ቦታ የሚሰበስብ አካል ይፈልጋል። ዝቃጩ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ወይም በሲሚንቶ ምድጃ ከተቃጠለ ፎስፎረሱ ጠፋ ማለት ነው።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚደርስበት መጠን (ሚሊ ግራም በሊትር) | መገንቢያ ወጪ | ማስኬጃ ወጪ | የባለሙያ ፍላጎት | መልሶ ለማግኘት |
|---|---|---|---|---|---|
| ኬሚካል ብቻ | 1፤ ከማጣሪያ ጋር 0.1 | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ስትሩቫይት አይሆንም፤ አመድ ይሆናል |
| የባክቴሪያ ዋና መንገድ | 0.5–1 | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ሦስቱም በሮች ክፍት |
| ባክቴሪያ ከጎን ገንዳ ጋር | 0.5–1፣ የበለጠ የተረጋጋ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ሦስቱም በሮች ክፍት |
| እንክብል ዝቃጭ | 0.5–1 | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ፣ ከዳሳሽ ጋር | ሦስቱም በሮች ክፍት |
| ባክቴሪያ፣ ትንሽ ኬሚካልና ማጣሪያ | 0.1–0.3 | ከፍተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ኬሚካሉ በበዛ መጠን ስትሩቫይት ይቀንሳል |

## ለእናንተ የትኛው?

በጀት ትንሽ፣ ባለሙያ ጥቂት፣ ገደብ 2። ኬሚካል ጀምሩ። ነውር የለውም። የአየር ገንዳችሁን መግቢያ ግን በግድግዳ ከፍላችሁ አየሩን ብትዘጉና ማደባለቂያ ብታስገቡ የኬሚካሉ ፍጆታ ይወርዳል። በትንሽ ገንዘብ ወደ ባክቴሪያው የሚያስገባ እርምጃ ይኼ ነው።

መካከለኛ ከተማ፣ ገደብ 1፣ ማብላያ የለም፣ እርሻ ቅርብ ነው። የባክቴሪያው ዋና መንገድ፣ ዝቃጩ ተመርምሮ ወደ ማሳ። ስትሩቫይት መሣሪያ አትግዙ፤ የሚመገበው የተጨመቀ ውሃ የላችሁም። ዝቃጩን ግን ማዝቀጫና ማጥለያ ውስጥ አታሳድሩት።

ትልቅ ጣቢያ፣ ማብላያ ያለው፣ ቧንቧው በስትሩቫይት የሚዘጋ። ባክቴሪያና ስትሩቫይት አብረው። እዚህ መልሶ ማግኘቱ የምትከፍሉት አይደለም፤ አሁንም በጥገና እየከፈላችሁት ያለውን ማስቆሚያ ነው። ብረት እየጨመራችሁ ከሆነ ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ በአንድ ቀን አታቁሙ።

ቀጭን ፍሳሽ። የጎን ገንዳ። የመጀመሪያ ማዝቀጫችሁ ምግቡን እየወሰደው ከሆነ ከፊሉን ፍሳሽ አሳልፉት።

የወተት ወይም የቢራ ፋብሪካ። ምግቡ ሞልቷል፤ ባክቴሪያው ይመቸዋል። ግን ቅዳሜና እሑድ ፋብሪካው ሲቆም ባክቴሪያው ምግብ ያጣል፣ ሰኞ ላይ ፎስፎረሱ ይዘላል። ማጠራቀሚያ ገንዳ ሠርታችሁ ምግቡን ለሰባት ቀን አከፋፍሉ። የጽዳት አሲድ በአንድ ጊዜ እንዳይለቀቅም ተጠንቀቁ።

አዲስ ጣቢያ፣ ጠባብ መሬት፣ በቂ ገንዘብና ባለሙያ። እንክብሉን ከዋናው መንገድ ጋር በጨረታ አወዳድሩ።

ገደብ ከ0.5 በታች። መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ሌላው። የሚያመልጠውን የዝቃጭ ብናኝ ሳትይዙ ምንም ዘዴ አያደርሳችሁም።

አንድም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህችን ፍተሻ አድርጉ። ከአየር ገንዳው መጨረሻ ዝቃጭ ቅዱ። በተዘጋ ዕቃ አየር ሳይገባ በቀስታ አደባልቁ፣ ናይትሬት እንደሌለው ለኩ፣ ትንሽ ሶዲየም አሴቴት ጨምሩበት። በየ20 ደቂቃው ናሙና አጣርታችሁ ፎስፌት ለኩ፣ እስከ ሁለት ሰዓት። ከዚያ አየር ንፉበትና ለሦስት ሰዓት ቀጥሉ። ፎስፌቱ መጀመሪያ በብዙ ወጥቶ፣ አየር ሲያገኝ ከመነሻው በታች ከወረደ ባክቴሪያዎቹ ገንዳችሁ ውስጥ አሉ፤ የሚጎድላቸው ቦታና ምግብ ነው። አሴቴቱ እያለቀ ፎስፌቱ ካልወጣ የሚበሉት ተፎካካሪዎቹ ናቸው፤ ፒኤችና ሙቀቱን እዩ። አሴቴቱም ካላለቀ፣ ፎስፌቱም ካልተነቃነቀ ባክቴሪያዎቹ ገና አልበዙም፤ አየር አልባ ገንዳ ከተሠራላቸው በኋላ ለመብዛት ሳምንታት ይፈልጋሉ።